ያልጠየቀችው ጥያቄ

ሔርሜላ እሷ ያልጠየቀችውን ጥያቄ ስልኳ ላይ ተጠይቆ ያገኘችው ቅዳሜ ጠዋት፣ ማድቤት ቆማ ዶሮ የሚነጭበት ውኃ እስኪፈላ ስትጠብቅ ነው። ትናንት ማታ ከመተኛቷ በፊት ስልኳ ላይ ያስጫነችውን፣ የጻፉለትን ሁሉ የሚመልሰውን ኤአይ አንድ ነገር ጠይቃው ነበር፤ «የሚጥል በሽታ ያለባት ሴት ባሏ ሳያውቅ ብታገባ ኋላ ትዳሩ ይፈርሳል ወይ?» ብላ። እሱም እንደ ልማዱ ጭንቀቷ እንደሚገባው ነግሯት፣ ከዚያ ነጥብ በነጥብ ሲዘረዝርላት አምሽቷል። ጠዋት መልሱን ደግማ ልታነብ ብትከፍተው ከሥሩ ሌላ ጥያቄ ተጨምሯል። «በሽታው ወደሚወለደው ልጅ ይተላለፋል?» ይላል። ለእሱም በሰፊው ተመልሶለታል። ይህን ሔርሜላ አልጠየቀችም። እንቅልፍ ውስጥ ሆኜ ጠይቄ ይሆን እንዴ ብላ እንኳ አሰበች፤ ሰው ሲጨንቀው የማያስበው የለም። ውኃው ገንፍሎ ከሰሉን ሊያጠፋው ሲል ነው የባነነችው።

ባሏ ቢሻው ሳሎን ውስጥ ከጎረቤት የተዋሳቸውን ወንበሮች እየደረደረ ነበር። የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ወንበር ሲደረድርም ክፍል የሚያዘጋጅ ይመስላል። «ስልኬን ነክተሃል?» አለችው። «እኔ ያንቺን ስልክ ከፍቼ አውቃለሁ?» አለ ቀና ሳይል። እውነቱን ነው። የራሱንም ስልክ የሚከፍተው ሲደወልለት ብቻ ነው። ተመልሳ ማድቤት ገባችና በጎን በኩል ያለውን የቆዩ ጥያቄዎች ዝርዝር ወደ ታች ትስበው ጀመር። ከእሷ ጥያቄዎች መሐል የማታውቃቸው ሞልተዋል፤ የቡና ማጠቢያ ፈቃድ ማመልከቻ፣ የዘጠነኛ ክፍል የባዮሎጂ ፈተና፣ ሞተር ሳይክል አልነሳ ሲል ምን እንደሚደረግ፣ ሚስራ ለምትባል ልጅ የተጻፈ የፍቅር ግጥም። ከዚህ በፊትም አይታቸዋለች። ማስታወቂያ መስለዋት ነበር። ስልክ ላይ ያልፈለጉት ነገር ሲመጣ ማስታወቂያ ነው ብሎ ማለፍ የለመደ ሰው ሌላ ምን ሊመስለው ይችላል? አሁን ግን ገባት። እሷ የሰዉን ካየች ሰዉም የእሷን ያያል። ዶሮውን ከነላባው ትታ ነጠላዋን ፍለጋ ወጣች።

ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ታናሽ እህቷን ሊናን ለሰብሃት ሊጠይቁ መምጣታቸው ሁለተኛቸው ነው፤ ባለፈው እንደ ወጉ ቀጠሮ ተሰጥቷቸው ተመልሰዋል፣ ዛሬ መልስ ይሰማሉ። ሰብሃት የጋሽ ሣህሌ ልጅ ነው። ጋሽ ሣህሌ በወጣትነታቸው ከመሐል አገር መጥተው ቦንጋ ላይ ከሚስማር እስከ ቆርቆሮ የሚሸጥ ሱቅ የከፈቱ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። ልጁም ጨዋ ነው፣ ሊናም ትወደዋለች። ሊና የሚጥል በሽታ እንዳለባት የሚያውቁት ግን ራሷ፣ ሔርሜላና ቢሻው ብቻ ናቸው። በእናታቸው ሞት ማግሥት የጀመራት ነገር ነው። ዋጫ ከተማ የሚኖሩት፣ በአባት ቦታ ያሉት አጎታቸው ጋሽ ዳምጤ እንኳ አልሰሙም። መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ከዋጠች ደኅና ናት፤ ካለፈው ክረምት ወዲህ አልተነሳባትም። ያም ሆኖ ቦንጋ ትንሽ ከተማ ናት። ሔርሜላ ክኒኑን ከዚህ ፋርማሲ አንድም ቀን ገዝታ አታውቅም፤ ጅማ ድረስ በሚኒባስ ሄዳ፣ ለመድኃኒቱ ከምታወጣው በላይ ለትራንስፖርት አውጥታ፣ የቪታሚን ብልቃጥ ውስጥ ገልብጣው ትመለሳለች። ይህን ሁሉ የተጠነቀቀች ሴት ናት እንግዲህ ሁሉን ነገር ለስልክ የተናገረችው።

ለምን ተናገረች ቢባል፣ ስለማይታዘብ ነው። መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤት ብላ ነበር። ግድግዳው ላይ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የሚል ባነር ተሰቅሎ፣ ውኃና ብስኩት ታድሎ የግማሽ ቀን ሥልጠና ተሰጣቸውና ሪፖርት ቶሎ እንዲደርስ ሁሉም ተጠቀሙበት ተባሉ። ማን ምን ይጻፍበት፣ ማን ምን አይጻፍበት የሚል ነገር ከአሠልጣኙ አፍ አልወጣም። ሔርሜላ የሩብ ዓመት ሪፖርቱን በአንድ ከሰዓት ጨረሰች፣ ተመሰገነች። ከዚያ ማታ ማታ የክኒኑን ነገር ጠየቀችው። ከዚያ የሠርጉን። ምንም ብትለው አይደነግጥም፣ አይሰለችም፣ ነገ ዕድር ላይ አያወራም። እናቷ ከሞቱ ወዲህ «ስሜትሽ ተገቢ ነው» ያላት እሱ ብቻ ነው። ባለፈው ክረምት መንገዱ በናዳ ተዘግቶ ክኒኑ ሲያልቅና ሊና ግቢ ውስጥ ጭቃው ላይ ስትወድቅ፣ ሔርሜላ እሷን አጣጥባ ካስተኛች በኋላ እንዲህ ብላ ጻፈች፤ «ደክሞኛል። እስከ መቼ ነው የምሸከማት? አግብታ በሄደችልኝና በተገላገልኩ።» ለዚህም ስሜትሽ ተገቢ ነው ብሏታል። በማግሥቱ ቀሏት ነበር የተነሳችው።

የሙራድ የስልክ ሱቅ ከአደባባዩ ቁልቁል፣ ልብስ ሰፊዎቹ አጠገብ ነው። ካፊያው ስላልቆመ ደጁ ላይ የቆሙት ባጃጆች መስታወታቸውን ላብ አልቦታል። ሙራድ መስኮቱ ላይ ለአንድ ገበሬ ባትሪ እየቀየረ ነበር፤ ሥራው ጥሩ፣ አፉ ጣፋጭ ልጅ ነው። ሰው ሁሉ ስልክ የሚያስከፍተው እሱ ጋ ነው። ኢሜሉንም የሚከፍትልዎ፣ የይለፍ ቃሉንም የሚያወጣልዎ እሱ ነው፣ ምክንያቱም ሰው ይረሳዋል። የሚከፈልበትን ኤአይ በወር በመቶ ሃምሳ ብር የሚጭነውም፣ ለሔርሜላ የጫነላትም እሱ ነው፤ ከውጭ የሚገዛው በዶላር ስለሆነ ዱባይ ያለችው የአጎቱ ልጅ በካርዷ ትከፍልለታለች። ሔርሜላ ገበሬው እስኪሄድ እንደ ምንም ታግሣ ስልኳን አቀበለችው።

«ይኼን ማነው የጻፈው?»

«ማንም ሊሆን ይችላል እኮ እትዬ ሔርሜላ» አለ ሳይደነግጥ። «አካውንቱ የጋራ ነው። አንድ ከፍዬ ነው ለሁሉም የማካፍለው፤ ለየብቻ ቢሆንማ ማን ይችለዋል? በሰው ሦስት ሺህ ብር ይመጣል።»

«ስንት ሰው ነው ያለበት?»

«ኧረ እሱን አልቆጠርኩም። የቢሮ ሰዎች አሉ፣ ተማሪዎች አሉ፣ ነጋዴዎች አሉ…»

ስም ጠርታ ልትጠይቀው ፈለገች፤ ስም መጥራትም መናገር መሰላት። ቢሆንም አልቻለችም። «የጋሽ ሣህሌ ልጅስ?»

«ሰብሃት? እሱማ ሁለት ስልክ አምጥቶ ነው ያስጫነው፣ ሁለት ወር ሆነው።»

ሔርሜላ የመስኮቱን ጠርዝ ያዘች። ሁለት ስልክ። አንዱ የራሱ ነው፣ ሌላው የአባቱ መሆን አለበት። ሙራድ ፊቷን አይቶ አሁን ገና ደነገጠ። «ወላሂ፣ ሰው ሥራውን ይሠራበታል ብዬ ነው እንጂ ምስጢር ይጽፍበታል ብዬ መቼ አሰብኩ» አለ። የጻፈችውን በሙሉ ከሥር ከሥሩ አጠፋላት፤ ከእርስዎ ላይ ሲጠፋ ከሁሉም ላይ ይጠፋል ብሎ አጽናናት። «ቀድሞ ካነበበው ሰው ላይስ?» አለችው። «እሱን እንጃ፣ እትዬ» አለ። ገንዘብ አልቀበልም አለ፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አስፈራት። ሙራድ በነፃ ሥራ ከሠራ ነገሩ ከብዷል ማለት ነው።

በጋሽ ሣህሌ ሱቅ በኩል ላለማለፍ ብላ በላይኛው መንገድ ልትዞር ነበር፤ ጭቃው አላራምድ ብሎ መለሳት። ጋሽ ሣህሌ ደጃቸው ላይ ቆመው የቆርቆሮ ክምር በላስቲክ ያስሸፍናሉ። ገና ከሩቅ ባርኔጣቸውን ብድግ አደረጉ። «እንዴት አደርሽ ልጄ! ቢሻው ደኅና ነው? ሊናስ ደኅና ናት? ጤናዋስ?» በዚህ አገር ሰላምታ ሁሉ ስለ ጤና ነው፤ ከብቱም ጎረቤቱም ጤናው ይጠየቃል። በሌላ ቀን ቢሆን እግዚአብሔር ይመስገን ብላ ሳትቆም ታልፍ ነበር። ዛሬ «ጤናዋስ» የምትለዋ ቃል እንደ እሾህ ተሰክታባት ቀረች። ለምን የሊናን ለብቻ ጠየቁ? ዓይናቸውን ለምን ጠበብ አደረጉ? ካፊያው ዓይናቸው ገብቶ ሊሆን ይችላል፣ ይህንንም አሰበች። «ደኅና ናት፣ ምንም አልሆነችም» አለች፤ ድምፅዋ ከሚገባው በላይ ጮኸባት። ጋሽ ሣህሌ ትንሽ ግር ብሏቸው «ተመስገን፣ ተመስገን» አሉና ወደ ላስቲካቸው ዞሩ። እስከ ቤቷ ድረስ ያን ግር ማለት ስታገላብጥ ሄደች።

ጋሽ ዳምጤ ከዋጫ ደርሰው ነበር። እርጥብ ካፖርታቸውን ወንበር ላይ ዘርግተው ከቢሻው ጋር ስለ ቡና ዋጋና ስለ መንገዱ ያወራሉ፤ ለወንድማቸው ልጅ ክብር ብለው አንድ ገንቦ ማር ይዘው መጥተዋል። ሔርሜላ ሳመቻቸውና ወደ ዶሮዋ ተመለሰች። በአንድ ሺህ አምስት መቶ ብር የተገዛ ዶሮ ነው፤ ቢሻው በስንት እንደተገዛ ሲሰማ ከደመወዙ ላይ በጣቱ ቀንሶ አስልቶ ነበር። እየበለተች ቢላዋው ሁለቴ አመለጣት። ቢያውቁ ኖሮ ይቀሩ ነበር፣ አለች በልቧ። አይ፣ ጨዋዎች ናቸው፣ አይቀሩም፤ መጥተው ነው የሚጠይቁት፣ እውነት እንናገር እንደሆነ ሊያዩ። ይህ ሁለተኛው ሐሳብ ልቧ ውስጥ ተደላድሎ ተቀመጠ። ከልማድ የተነሳ እጇን ጠራርጋ ስልኳን አነሳች፣ ምን ላድርግ ብላ ልትጠይቀው። ጣቷ ፊደሉ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው ትዝ ያላት። መልሳ ስታስቀምጠው እናቷ ከሞቱበት ቀን ወዲህ እንዲህ ብቻዋን ሆና አታውቅም።

ሊና ጓዳ ውስጥ አልጋ ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን እየተሠራች ነበር፤ የሠራቻት ጎረቤት ስትወጣ ሔርሜላ ገባች። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አልጋው፣ የእናታቸው የእንጨት ሳጥን፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለው የዛሬ ቀሚስ። የሊና ስልክ ትራሱ ላይ ተደፍቶ ተቀምጧል፤ ሰብሃት ለልደቷ የሰጣት ነው። ሔርሜላ የመጣችው ልትነግራት ነበር። በሩን ዘግታ ቆመች። ሊና ቀና ብላ አየቻት፣ ረጅም አስተያየት ነው ያየቻት፣ የሆነ ነገር እንደምትጠብቅ። ሔርሜላ «ክኒንሽን ዋጥሽ?» አለች። «ዋጥኩ» አለች ሊና። ውጭ ጋሽ ዳምጤ ሳቁ። «ምን ሆነሻል?» አለች ሊና። «ምን እሆናለሁ፣ ሥራ ነው እንጂ» አለችና ወጣች። እነዚህ እህትማማቾች አንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ስለ በሽታው የሚያወሩት ዋጥሽ፣ ዋጥኩ የምትለዋን ብቻ ነበር። ቀሪውን አንዷም ለሌላዋ ብላ አትናገረውም።

ሽማግሌዎቹ ዘጠኝ ሰዓት ሳያልፍ ደረሱ። መሪያቸው ጋሽ ሙሉብርሃን ናቸው፣ ጡረታ የወጡ፣ ንግግር የሚችሉ ሰው። ጫማቸውን ደጅ ላይ ጠርገው ገቡ፤ ጋሽ ዳምጤ መጀመሪያ በካፊኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ መርቀው አስቀመጧቸው። ስለ ዝናቡ ተወራ። ስለ ማሩ ዘንድሮ ማነስ ተወራ። ሔርሜላ በእናት ቦታ ስለሆነች ጓዳው በር አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ከመጋረጃው ኋላ ሊና እንዳለች ታውቃለች። ጋሽ ሙሉብርሃን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዘሩ ተቆጥሯል፣ የሚነካካ የለም፣ አሉ። ቤተሰቡም ለቤተሰቡ ይስማማል፣ አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ቀጠሉ፦

«እንግዲህ ከጤናም በሉት ከሌላ፣ ኋላ ‹ምነው ሳትነግሩን› የሚያሰኝ ነገር ካለ፣ በእናንተም በእኛም በኩል ዛሬ ይነገር።»

በየቤቱ፣ በየሽምግልናው የሚባል ነገር ነው። ሔርሜላ ራሷ ስንቴ ሰምታዋለች። ግን ጋሽ ሙሉብርሃን ይህን ሲሉ ወደ እሷ አዩ፣ ወይም ወደ እሷ ያዩ መሰላት። ያውቃሉ። ይኸው እየጠየቁ ነው። አሁን ከዋሸን ውሸታሞች ሆነን ነው የምንቀረው። ቢሻው አንገቱን ደፍቶ የወንበሩን ጠርዝ ይፍቃል። ጋሽ ዳምጤ ግን ምንም የማያውቁ ሰው ናቸው፤ በኩራት ብድግ አሉ።

«በእኛ በኩል ምንም ነገር የለም። ልጃችን እንደ ወተት የጠራች ናት። በእናቷ ዐፅም እም…»

«አጎቴ፣ አይማሉ!» ሔርሜላ ተነስታ ቆማለች። እንዴት እንደተነሳች አታውቅም። «በእናቴ ዐፅም አይማሉ። ታማለች። የሚጥል በሽታ አለባት፤ መድኃኒት ትወስዳለች፣ ደኅና ናት፣ ግን አለባት። እንደምታውቁ አውቄያለሁ። ስልክ ላይ እንዳነበባችሁት አውቄያለሁ። ልንደብቃችሁ አልነበረም…» ልንደብቃችሁ ነበር።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ በፊታቸው ላይ የነበረው ድንጋጤ ነው፣ ያልጠበቀውን የሰማ ሰው ድንጋጤ። ሔርሜላ ያን ስታይ ያደረገችው ነገር ከእግር ጥፍሯ ጀምሮ ገባት።

«ልጄ» አሉ ጋሽ ሙሉብርሃን፣ «እኛ ያነበብነውም የሰማነውም የለም። እንደ ወጉ ነው የጠየቅነው።» ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው አነሱ። «መናገርሽ መልካም ነው። እኛ ግን የተላክን ሰዎች ነን፤ የሰማነውን ለላከን ማድረስ አለብን።» ቢሻው ምግብ ደርሷል፣ ቅመሱ እንጂ ብሎ ለመነ። ይቅር፣ ሌላ ቀን፣ አሉት። ወጡን ሳይቀምሱ አንድ በአንድ ወጡ፤ ሦስተኛው ሽማግሌ በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ መጋረጃውን በሐዘኔታ አየ። ወሬው እስከ ማታ ከተማዋን ያዳርሳል። ጋሽ ዳምጤ ቆመው ቀሩ። «እኔም ቤተሰብ አይደለሁም ማለት ነው» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን፤ እርጥብ ካፖርታቸውን ደርበው ወጡ። ቢሻው ተከተላቸው።

ሔርሜላ መጋረጃውን ገልጣ ስትገባ ሊና አዲሱን ቀሚስ ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ታለቅሳለች ብላ ነበር የፈራችው። አታለቅስም።

«ሊና፣ የሚያውቁ መስሎኝ ነው። ስልኬ ላይ ሰው ጽፎ አገኘሁ፤ ለልጅ ይተላለፋል ወይ ብሎ። ሰብሃት መሰለኝ፣ አባቱ መሰሉኝ…»

«እኔ ነኝ» አለች ሊና።

ሔርሜላ አልገባትም። ሊና ስልኩን ከትራሱ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «ሰብሃት ነው ያስጫነልኝ። ለእሱ ነግሬዋለሁ፤ ሁለት ወር አለፈው። አብረን ስለ በሽታው እንድናነብ ብሎ በሁለታችንም ስልክ ላይ አስጫነው። ለአባቱ ከፋሲካ በኋላ ቀስ ብለን ራሳችን ልንነግራቸው ነበር። ትናንት ማታ እሱ ደውሎ ስለ ልጅ ሲያነሳብኝ ነው የጠየቅኩት፤ ያንቺ ጥያቄ ክፍት ሆኖ ስላገኘሁት ከሥሩ ጻፍኩ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ያንቺን ሁሉ አንብቤዋለሁ እኮ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። የክረምቱንም።»

ሔርሜላ የክረምቱን የቱን ብላ መጠየቅ አላስፈለጋትም። የእናታቸው ሳጥን ላይ ቁጭ አለች። ልትል የምትችለው ነገር ሁሉ፣ ደክሞኝ ነው፣ ከልቤ አይደለም፣ ሰው ብቻውን ሲሆን ምን ይላል፣ አፏ ላይ ደርሶ ተመለሰ፤ ከልቧ ነበርና። ሁለት ወር ሙሉ ይህች ልጅ ጠዋት ጠዋት «ዋጥኩ» እያለቻት፣ ምሳ እየበላች፣ ልብስ እያጠበች፣ «አግብታ በሄደችልኝ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ይዛ ስትዞር ነበር። ልትይዛት እጇን ዘረጋች። ሊና አልሸሸችም፣ አልያዘቻትምም። አዲሱን ቀሚስ በአንገቷ አውልቃ፣ አጥፋ፣ መስቀያው ላይ በጥንቃቄ ሰቀለችው። ከዚያ የቤት ልብሷን እየለበሰች፣ ስለ ነገ ምሳ እንደምታወራ ሰው በረጋ ድምፅ እንዲህ አለች፦

«እንግዲህ አብረን መኖራችን ነው፣ እትዬ። ዛሬ የሚወስደኝ የለም።»